የጎፈሬ ሹራብ

ኅዳር 4 ቀን
(የማይላክ)

እትዬ፣

ይሄ ገጽ አይደርስሽም። የሚደርስሽን ከመጻፌ በፊት እውነቱን አንድ ቦታ ላስቀምጠው ብዬ ነው፤ አለበለዚያ በሚላከው ውስጥ ሾልኮ ይገባብኛል።

ወንድም ጋሼ ከሞተ ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ቀኑ ነው። የመብራት መስመር ሲዘረጋበት ከነበረው ሕንጻ ላይ ወደቀ። አንቺ አታውቂም። እንዳታውቂ የተስማማነው እማዬ፣ አባዬ፣ ባልሽና እኔ ነን። ሐኪሙ እስክትወልጂ ከአልጋ እንዳትወርጂ፣ ምንም ነገር እንዳያስደነግጥሽ ብሏል፤ የመጀመሪያው ልጅ እንዴት እንደወረደብሽ ደግሞ ሁላችንም እናስታውሳለን። እማዬ ከቀብር እንደተመለስን ኩሽና አስገብታኝ በሩን ዘጋችና፣ "አንዱን ቀብሬያለሁ። በአንድ መርዶ ሁለት ነፍስ አልጨምርበትም። እስክትገላገል አንዲት ቃል ብትተነፍስ እኔና አንተ አንተዋወቅም" አለችኝ።

ከባልሽ ጋር የምትኖሪበት የሥራ ካምፕ ስልክ ስለማይይዝ በዚህ እንኳ ዕድለኞች ነን። ዕቃ የሚያመላልሰው ሹፌር በየሁለት ሳምንቱ ደብዳቤሽን ያመጣል፣ መልሱን ይወስዳል፤ መርዶውንም ለባልሽ በድብቅ ያደረሰው እሱ ነው። የመልሱ ጸሐፊ እኔ ሆንኩ። እማዬ ብዕር ታነሳና መልሳ ታስቀምጣለች፤ አባዬ ደግሞ ልብስ ሰፊ ነው፣ ከደረትና ከወገብ ልክ ሌላ ነገር ጽፎ አያውቅም።

በመጀመሪያው ደብዳቤሽ ሁለት ነገር ጠይቀሻል። ያ ሰነፍ ለምን አይጽፍልኝም? ውሻው ጎፈሬስ እንዴት ነው? መመለስ የምችለው ሁለተኛውን ብቻ ነው። ስለዚህ ስለ ውሻው እጽፍልሻለሁ።

ኅዳር 4 ቀን

ለእትዬ፣

አንቺም ሆድሽም እንደምን ሰነበታችሁ? እኛ ደህና ነን። መልሱ የዘገየው ፈተና ላይ ስለነበርኩ ነው፤ ይቅር በይኝ።

ወንድም ጋሼ ከሥራ የሚመለሰው ተዳክሞ ስለሆነ ከዛሬ ጀምሮ ጸሐፊው እኔ ነኝ። "ለእሷ ደብዳቤ ከምጽፍ አንድ ፎቅ ሙሉ መብራት ብዘረጋ ይቀለኛል፤ ስትወልድ ራሴ እመጣለሁ በላት" ብሏል።

ጎፈሬ ደህና ነው። ገላው እንደምታውቂው አንድ ፀጉር የለበትም፤ አናቱ ላይ ያለችው ቁንጮ ግን ረዝማ ዓይኑን ልትሸፍን ደርሳለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ወንድም ጋሼ ያጥበዋል፣ እኔ ፎጣ እይዛለሁ። ሳፋውን መሬት ላይ ያስቀምጥና ውሃው ለብ ማለቱን በእጁ አንጓ ይፈትናል። ጎፈሬ ሳፋ ሲያይ ሶፋ ሥር ይገባና ደንቆሮ ይሆናል። ከታጠበ በኋላ ግን ቤቱን ሦስቴ ዞሮ ይሮጣል፤ እርጥብ ቆዳው ሲያብረቀርቅ የተላጠ ድንች ነው የሚመስለው።

ትናንት ሳወጣው ጥግ ላይ ያለው ፀጉር አስተካካይ በሩ ላይ ቆሞ፣ "ማነው የቀደመኝ? እዚህኛው ላይ ለእኔ የተረፈ ሥራ የለም!" ብሎ መንገደኛውን ሁሉ አሳቀብኝ። አትክልት ሻጯ ግን አልሳቀችም። "ልጄ፣ ይሄ ነገር ያመዋል፤ ወደ ቲማቲሜ አታስጠጋው" አለችኝ። አፈጣጠሩ ነው ብላት፣ "እንግዲያው ፈጣሪ ሲደክመው የሠራው ነው" አለች።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ጀርባው ላይ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ ወጥቶበታል፤ የእኔ አፍንጫ ላይ እንዳለው ዓይነት። ቆዳው ዘይት አንሶት ነው ብለን ጨመርንለት፤ ባሰበት። የእንስሳት ክሊኒክ የሠራሽ አንቺ ነሽና ምን እናድርግ?

እማዬ ትስምሻለች። አባዬ ተጠንቀቂ ብሎሻል።

ወንድምሽ

ኅዳር 18 ቀን

ለጩጬው፣

ደብዳቤህን ተጋድሜ ሦስቴ አነበብኩት። ተጋድሞ ከማንበብ በቀር የተፈቀደልኝ ነገር የለም። ባሌ ማንኪያ እንኳ ከእጄ ሲወድቅ፣ ምጥ የመጣ ይመስል ከውጭ እየሮጠ ይገባል።

በሉ ስሙኝ። ዘይቱን የበር ማጠፊያ የምታለሰልሱ ይመስል አታፍስሱበት። የቆዳው ቀዳዳ ተደፍኖ ነው። ሁለት ጠብታ መዳፋችሁ ላይ አሽታችሁ፣ በደንብ በደረቀ ገላው ላይ ማዳረስ ብቻ። ሳሙናው ሽታ የሌለው ይሁን። ነጠብጣቡን በጥፍር እንዳትነኩት፤ አንተም የአፍንጫህን ተወው። ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ ላይ እንዳይውል፣ እንደ ሰው ነው የሚቃጠለው። ምግቡን በውሃ አርሱለት። ይሄ ዘር ፀጉር ሲነፈግ ጥርስም አብሮ ተነፍጓል፤ አፉ ውስጥ ያሉት ለፈገግታ ያህል ናቸው።

አትክልት ሻጯን አትቀየማት። ክሊኒካችን ትቶት የጠፋው ባለቤቱም እንደ ነውር ነበር ያየው። ወንድምህ አምፖል ሊቀይርልን መጥቶ ጃኬቱ ውስጥ ከቶት እንዴት እንደወጣ መቼም መቶ ጊዜ አውርቶልሃል። "ስሙ ጎፈሬ ነው፤ የተነፈገውን በስም እንካሰው" ሲለኝ፣ ጓደኛዬ የያዘችውን መርፌ ጥላ ነው የሳቀችው።

እሱን ግን አልማረውም። ሁለት መስመር አልልም፤ ስሙን ብቻ ጽፎ ይላክልኝ። በእጁ።

እህትህ

ታኅሣሥ 5 ቀን

ለእትዬ፣

ያንቺን ደብዳቤ የመሰለ መድኃኒት የለም፤ ነጠብጣቡ እየጠፋ ነው። የእኔ አፍንጫ ግን እንዳለ ነው።

ስሙን ጻፍ ብለው፣ "እኔ ስሜን የምጽፈው ደመወዝ ስቀበል ብቻ ነው" ብሎ ሳቀ። ምን ላድርገው? አንቺ ታውቂው የለ።

ይቅርታ፣ ዛሬ የምጽፍልሽ ጥሩ ወሬ አይደለም። ብርዱ ገብቶ ጎፈሬ ጠዋት ጠዋት እንደ ስልክ ይንቀጠቀጥ ነበር። ወንድም ጋሼ አሳዘነውና ያንን ቡናማ የሱፍ ሹራቡን አውጥቶ እጅጌውን ቆረጠለት፤ አባዬ ጠርዙን ሰፋለት። አለበስነው። ልክክ አለለት፤ ፀጉር አስተካካዩ እንኳ "አሁን ሰው መሰለ" ብሎ አጨበጨበለት። በሦስተኛው ቀን ግን ሆዱና ብብቱ ሥር ቀይ ሽፍታ ወጣበት። ያካል። መሬት ላይ ይፈገፍጋል። አንገቱ ላይ ደማ።

እማዬ፣ "ይሄው! እከክ ነው። ልትወልድ የደረሰች ልጅ አለችኝ፣ ሕፃኑን ይዛ ሳትመጣ ይሄ ውሻ ከዚህ ቤት ይውጣ" ብላለች። የምትሠራበት ዳቦ ቤት አንዲት ሴት አለች፣ ግቢ ያላት። ለእሷ ልትሰጠው ነው። እስከ ወር መጨረሻ ድረስ እንድትታገሰኝ ለመንኳት። እትዬ፣ ቶሎ መልሺልኝ።

ወንድምሽ

ታኅሣሥ 5 ቀን
(የማይላክ)

ሹራቡን የቆረጥኩት እኔ ነኝ።

ከበሩ ኋላ ተሰቅሎ ነበር። ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት አፍንጫዬን እጅጌው ውስጥ እከት ነበር። ሽታው ግን በየቀኑ እየሳሳ ሄደ፤ እኔ አሽትቼ የጨረስኩት መሰለኝ። ጎፈሬ ሲንቀጠቀጥ ሳየው፣ እሱም ድርሻ አለው አልኩና የአባዬን መቀስ አነሳሁ። የልብስ ሰፊ መቀስ ያለ ፈቃድ ማንሳት በእኛ ቤት ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ።

አባዬ ደረሰብኝ። በጥፊ ይለኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሱ ቁራጩን ከእጄ ወስዶ አየት አደረገውና፣ "እንዲህ ከተቆረጠ ይተረተራል" ብሎ የስፌት መኪናው ላይ ተቀመጠ። ጠርዙን ሰፍቶ ሲጨርስ ክሩን በጥርሱ በጠሰው። ከዚያ በኋላ ግን ሹራቡን ፊቱ ላይ እንዳደረገ ቀረ። ጥዬው ወጣሁ።

ጎፈሬን የሚወስዱት ከሆነ እኔ የማወራለት ሰው የለኝም። ለአንቺም የምጽፈው ይጠፋኛል።

ታኅሣሥ 20 ቀን

ለወንድሜ፣

ሹራቡን አውልቅለት። ደብዳቤውን ሳትጨርስ አሁኑኑ ሂድ፤ እዚሁ እጠብቅሃለሁ።

አወለቅክ? ጎበዝ። ቆዳው ሱፍ አይችልም፣ ሌላ ምንም አልሆነም። ለእማዬ እንዲህ በላት፦ እከክ ቢሆን ከጆሮው ጫፍና ከክርኑ ነበር የሚጀምረው። ይሄኛው ሹራቡ የነካውን ቦታ ብቻ ነው የያዘው። ልብስ ሰፊ ያገባች ሴት ይሄን ማየት አያቅታትም። ለሰው አይተላለፍም፤ የእኔም ልጅ ምንም አይሆንም። ይሄን የምለው እኔ ነኝ፣ እናትየዋ።

በቀዝቃዛ ውሃ በረጋ እጅ እጠበው፣ አትፈግፍገው፣ በንጹሕ ጨርቅ እየተጫንክ አድርቀው። ዘይት ለአንድ ሳምንት የለም። ከዚያ በኋላ ጥጥ ብቻ ይልበስ። በሁለት ሳምንት ይድናል።

ሹራቡን ግን አታጥቡት። እንዳለ አጥፈህ ላስቲክ ውስጥ ክተተው፣ አፉን ቋጥረው። ለምን አትበለኝ።

አንተስ? ትበላለህ? ትተኛለህ? ስለ ውሻው ሁለት ገጽ ጽፈህ ስለ ራስህ አንድ መስመር የለም።

እህትህ

ጥር 4 ቀን

ለእትዬ፣

ዳነ! አንገቱ ላይ ትንሽ ጠባሳ ቀርታበታለች እንጂ ገላው እንደ ድሮው ግራጫና ሮዝ ሆኗል። ያልሽውን ለእማዬ አነበብኩላት። መነጽሯን አድርጋ፣ ጎፈሬን ጠረጴዛ ላይ አስቁማ፣ ጆሮውን እንደ ጨርቅ ገልብጣ አየችው። ከዚያ ክርኑን። ከዚያ መሬት አወረደችው። ዳቦ ቤት ላለችው ሴት ምን እንዳለቻት አላውቅም፤ ሴትየዋ ግን አልመጣችም።

አባዬ ከደንበኛ ሸሚዝ በተረፈ ጥጥ ሦስት ልብስ ሰፍቶለታል። አንዱ ኮሌታ አለው። ልኩን ደብተሩ ላይ ከሰዎቹ ጋር መዝግቦታል፦ ደረት ሠላሳ ስምንት። "ይሄ ደንበኛ ልብሴ ጠበበኝ ብሎ አይነዘንዘኝም" አለ። አባዬ ከቀለደ ስንት ጊዜው ነው!

እበላለሁ ወይ ላልሽው፣ እበላለሁ። እተኛለሁ ወይ ላልሽው፣ ጎፈሬ ብርድ ልብሱ ውስጥ ገብቶ ጉልበቴ ሥር ይጠቀለላል። ፀጉር ስለሌለው ሙቀቱ ቀጥታ ነው የሚሰማሽ፤ ሙቅ ውሃ የሞላ ጠርሙስ ነው። ልቡ ሲመታ እቆጥራለሁ፣ ስንት ላይ እንደደረስኩ ሳላውቅ ይነጋል።

ሹራቡ ላስቲክ ውስጥ ነው። አላጠብነውም።

እትዬ፣ ባለፈው ስለ ወንድም ጋሼ ምንም አልጠየቅሽም። ስሙን አልጻፈም ብለሽ ተቀይመሽው ነው? አትቀየሚው። ሥራ በዝቶበት ነው።

ወንድምሽ

ጥር 19 ቀን

ለወንድሜ፣

ይሄን ቁጭ ብለህ አንብበው። ጎፈሬ አጠገብህ ካለ ታቀፈው።

ወንድማችን እንደሞተ አውቃለሁ።

የነገረኝ ሹራቡ ነው። ጎፈሬን ከክሊኒክ ባወጣው ሳምንት በሱፍ ሻርፕ ጠቅልሎት እንዲሁ ሽፍታ ወጥቶበት ነበር። ያኔ እኔና እሱ ክሊኒኩ አጠገብ አብረን እንኖር ስለነበር እናንተ አላያችሁም፤ እሱም ታሪኩን ሲያወራ ያንን ይዘለዋል፣ ያፍርበት ነበር። አሥር ቀን በየቀኑ ወደ ክሊኒኩ እያመጣው፣ እኔ ስቀባው እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቆም ነበር። ሻርፑን ከቤት አውጥቶ ሰጠው። "ሱፍ የሚባል ነገር ዳግመኛ አላለብሰውም" ብሎ ማለ። ወንድማችን በሕይወት ኖሮ ያንን ሹራብ ለጎፈሬ አይቆርጥለትም ነበር። ሌላ ሰው ሲያለብሰው ቢያይም ዝም አይልም። ሦስት ቀን ሙሉ? አይሆንም።

ደብዳቤህን አጥፌ ባሌን ጠበቅኩት። ሲገባ "መቼ ነው?" አልኩት። "ምኑ?" አለኝና የታጠቡትን ሳህኖች እንደገና ማጠብ ጀመረ። እንዳይነግራችሁ አስማልኩት። ምስኪን፣ ለሁለት ወገን ሲዋሽ ከረመ።

ወዲያው ያልጻፍኩልህ ስለ ፈራሁ ነው። በአንተ እጅ ጽሑፍ ካነበብኩት እውነት ይሆናል ብዬ። ደግሞ በአንተ ደብዳቤ ውስጥ ወንድማችን ቅዳሜ ቅዳሜ ውሻውን ያጥባል። ይስቃል፣ ያሾፋል። ያንን ላጠፋው አልቻልኩም። ጥፋቴ ይሄ ነው፦ እኔ እንዲኖርልኝ ስል አንተ በአሥራ ስድስት ዓመትህ ብቻህን ተሸክመህ አኖርከው። ይቅር በለኝ።

ቀልዶቹ ያንተ እንደሆኑም አውቃለሁ። የእሱ እንዲህ አያስቁም ነበር።

ሐኪሙ ዛሬ አይቶኛል። ልጁ ደህና ነው፣ ይራገጣል። አንድ ወር ሙሉ እያወቅኩም፣ እያለቀስኩም አልወረደም። ለእማዬ ይሄን ንገራት፤ ትፍራ እንጂ አትሸበር።

አሁን እጠይቅሃለሁ፣ እውነቱን መልስልኝ። ተሠቃይቶ ነበር? አንተ የት ነበርክ? ጎፈሬስ ፈልጎታል?

እህትህ

የካቲት 3 ቀን

እትዬ፣

ይሄን ደብዳቤ የምትሰጥሽ እማዬ ናት። የሹፌሩ ጋቢና የሚይዘው አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ እሷ ትቅደም ተባባልን።

ደብዳቤሽን ያነበብኩላት ኩሽና ውስጥ ነው። ትጮሃለች ብዬ ነበር። እሷ ወንበር ስባ ተቀመጠችና፣ "ከመቼ ጀምሮ?" አለች። ከሹራቡ ጀምሮ አልኳት። "እኔ ለእሷ ብዬ ዝም፣ እሷ ለእኛ ብላ ዝም። መሀል ላይ ይሄን ልጅ አቃጠልነው" አለችና ያን ቀን የኩሽናውን በር ከዘጋችው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አጠገቤ አለቀሰች። ያኔ የተናገረችኝን እርሳው ብላኛለች። እረሳዋለሁ።

ለጥያቄሽ። አልተሠቃየም፤ አብሮት ይሠራ የነበረው ሰው ቤታችን ድረስ መጥቶ ነግሮናል፣ ዓይኑን አይቼ አምኜዋለሁ። እኔ ሂሳብ ክፍለ ጊዜ ላይ ነበርኩ። ርእሰ መምህሩ በሩን ከፍተው ስሜን ሲጠሩ፣ የቤት ሥራ አለመሥራቴ ተነቃብኝ ብዬ ነበር የደነገጥኩት። ይሄን ለማንም አልተናገርኩም። ጎፈሬ ፈልጎታል። አፍንጫውን የሥራ ጫማው ውስጥ ከቶ ይውል ነበር። ስጠራው ጅራቱን ያወዛውዛል፣ ግን አፍንጫውን አያወጣም።

ሌላም እውነት አለኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ የማጥበው እኔ ነበርኩ። ፎጣ የሚይዝልኝ አልነበረም፤ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌው እርጥብ ውሻ ይዤ እነሳ ነበር። ደብዳቤው ላይ ሳሰፍረው ግን ሁለት ሆነን እንሠራው ነበር። ሲጽፉት ቀላል ነው። አሁን አባዬ ይይዝልኛል፤ ሲያደርቀው ልብስ የሚተኩስ ይመስላል፣ እጥፋቱን አንድ በአንድ።

አንቺ በሱፉ እንዳወቅሽ ሳነብ፣ ፊቱ የማለቅስበት ሰው አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ። ደስ ማለቱ ደግሞ አሳፈረኝ። እቤት ሁላችንም በየክፍላችን ነው የምናለቅሰው፤ እኔ ሰው ፊት እንዴት እንደሚለቀስ አላውቅበትም።

የግማሽ ዓመት እረፍታችን ሊገባ ስለሆነ፣ በሚቀጥለው ጉዞ እኔና ጎፈሬ እንመጣለን። አባዬ ለመንገዱ ወፈር ያለ ጥጥ እየሰፋለት ነው። ሹፌሩ፣ "ይሄ ውሻ ነው ወይስ ላባው የተነጨ ዶሮ?" ብሎ ብዙ ካሾፈ በኋላ፣ ከሞተሩ አጠገብ ሙቀት ያለበትን ቦታ ራሱ መርጦ አሳየኝ። መንገዱ ሁለት ቀን ነው። እኔ ግን ጭኔ ላይ ይዤው ነው የምመጣው፤ መኪና ያስፈራዋል፣ ካላቀፉት ያለቅሳል።

እንድትነሺ አልፈልግም። እማዬ በሩን ትከፍትልኛለች፣ እኔ አልጋሽ ድረስ እመጣለሁ። ስደርስ ምንም አትበይኝ፤ እንዴት ነህ፣ አድገሃል፣ ከስተሃል፣ ምንም። መጀመሪያ ውሻውን ተቀበይኝ። እጆቼ ባዶ ይሁኑልኝ።

ወንድምሽ